ትኬቱስ ተገኘ፤ ማደሪያውስ?

በመንዝና በግሼ ደጋ ለመሸበት መንገደኛ ማደሪያ ማግኘት ብዙም የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ያገኘው በር ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» የሚል ድምፅ ይመጣል። እግሩን ይታጠባል፣ የቀረበለትን ይቀምሳል፣ መደብ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል። ከላይ ደግሞ ከዚያው ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ይደረብለታል። ውጭ የኅዳር ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሲያድር እሱ ሞቆት ያድራል። ጠዋት ተነስቶ «ሒሳብ ስንት ነው?» ቢል ስድብ ነው የሚሆነው።

ምን ነካው ይሄ ልጅ፣ በስፖርት ገጽ ላይ ስለ ባና የሚያወራው ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን የኳስ አፍቃሪዎች ዓለም ዋንጫን በዓይናችን ለማየት ስናልም የምናሰላው የአውሮፕላንና የስታዲየም ትኬት ብቻ ነው። ማደሪያውስ ሲባል «ዘመድ አለኝ እኮ!» እንላለን። አለቀ። ያ የመንዝ በር ዶሃም ሪያድም ላይ ያለ ይመስለናል። ዓለም ዋንጫ ወደ እስያ ሲሄድ ግን ይሄ ስሌት እንደማይሠራ የኳታሩ ውድድር ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። በ2034 (እ.ኤ.አ) ደግሞ ውድድሩ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጎረቤታችን ሳዑዲ ዐረቢያ ድረስ ስለሚመጣ ነገሩን ከአሁኑ ማንሳት ክፋት የለውም።

እስቲ አንድ የመሐል ሜዳ ልጅ እናስብ። አርሰናል ነው፤ ያውም የለየለት። ቅዳሜና እሁድ ከዲኤስቲቪ ቤት አይጠፋም። ቡካዮ ሳካን በዓለም ዋንጫ ካላየሁ ብሎ በኅዳር 2015 ጉዞ ይጀምራል። የመጀመሪያውን ሌሊት ሰፈሩ ያድራል፤ ይሄ ነፃ ነው። ከመሐል ሜዳ ተነስቶ ጓሳን አቋርጦ ጣርማ በር ላይ ከደሴው አስፋልት ይገናኝና ደብረ ብርሃን ይደርሳል። (በነገራችን ላይ ጓሳ ላይም ማደሪያ አለ። የአካባቢው ማኅበረሰብ የሚያስተዳድረው ሎጅ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ እንግዳ አቅሙ ከፈቀደ አልጋ ይይዛል፤ ካልፈቀደ ድንኳኑን ይተክላል። የሀገር ቤት «እንደ ኪስህ» ማለት ይሄ ነው።) ልጃችን የመርሐቤቴ ልጅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከዓለም ከተማ ተነስቶ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ በለሚና በሙከጡሪ በኩል አዲስ አበባ ይገባ ነበር።

ደብረ ብርሃን ላይ ከመሸበት አልጋ ቤት አይቸግረውም። ከተማዋ ራሷ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት፤ ማን ይበርደዋል? ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ካለ ተራ አልጋ ቤት እስከ ቦሌ ሆቴሎች ኪሱ የፈቀደለትን ይመርጣል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። «አልጋ አለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከአራት ሰዓት ገደማ በረራ በኋላ ዶሃ ላይ ነው።

ከ400 ዶላር በላይ የሆነ ድንኳን

ኳታር 2022 ኅዳር 11 ቀን 2015 ተጀምሮ ታኅሣሥ 9 ቀን ተጠናቀቀ። ስምንት ስታዲየሞች፣ ሁሉም በዶሃና በዙሪያዋ። ለተመልካች ምቹ ነው ተባለ፤ እውነትም ለጨዋታው ምቹ ነበር። በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ማየት የተቻለበት ዓለም ዋንጫ ነው። ነገር ግን የዓለም ሕዝብ ተሰብስቦ አንዲት ከተማ ላይ ሲያርፍ አልጋ ከየት ይምጣ? ስለዚህ አዘጋጆቹ አልጋ ፈጠሩ። በረሃው ላይ ድንኳን ተከሉ። ካራቫን ደረደሩ። ወደቡ ላይ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች አቁመው የመርከብ ክፍል አከራዩ። ከእነዚህ አንዷ፣ ኤምኤስሲ ወርልድ ዩሮፓ፣ ገና ከፋብሪካ የወጣች አዲስ መርከብ ነበረች። ብር ላለው ደግሞ ዌስት ቤይ ላይ ባሕር ባሕሩን እያየ የሚተኛባቸው ባለ አምስት ኮከብ ሆቴሎች ነበሩለት። ስለእነሱ ብዙ አላወራም። እዚያ የሚያድር ሰው ይሄን ጽሑፍ አይፈልገውም።

ለመካከለኛ ኪስ ተብሎ የተዘጋጀው «ፋን ቪሌጅ» የሚባለው ነበር። ፍሪ ዞን በተባለው ሥፍራ ብቻ 6 ሺህ ገደማ ትናንሽ ክፍሎች ሜዳ ላይ ተደረደሩ። ኮንቴይነር የመሰለ ሳጥን፣ ሁለት አልጋ፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ በቃ። ዋጋው? በሌሊት 200 ዶላር ገደማ! ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ገብተው ሥራው ያላለቀ ክፍል የጠበቃቸው፣ ቀን ቀን ሙቀቱና አቧራው ያማረራቸው ተመልካቾች ቅሬታቸውን ለዓለም መገናኛ ብዙኃን አሰምተዋል። አዘጋጆቹም ለተጉላሉት ገንዘባቸውን እንመልሳለን ለማለት ተገደዋል። አል ኾር በረሃ ላይ «የበደዊን ኑሮ ቅመሱ» ተብሎ የቀረበው ድንኳን ደግሞ ከ400 ዶላር በላይ ነበር። በደዊኑ ራሱ ቢሰማ ይስቃል!

አሁን የመሐል ሜዳውን ልጅ ሒሳብ እንሥራ። እንግሊዝ በምድቧ ኢራንን 6 ለ 2 አሸነፈች፣ ሳካም ሁለት አገባ። ከአሜሪካ 0 ለ 0 ወጣች። ዌልስን 3 ለ 0 ረታች፤ ያን ቀን እንኳ ሳካ ከመጀመሪያዎቹ 11 ውስጥ አልነበረም። ሦስቱን ጨዋታ ለማየት ከውጭ ለሚመጣ ሰው ርካሹ ትኬት 69 ዶላር ስለነበር ሦስቱ 207 ዶላር ይመጣል። በወቅቱ በባንክ ምንዛሪ አንድ ዶላር 53 ብር ገደማ ስለነበር 11 ሺህ ብር አካባቢ ማለት ነው። ማደሪያውስ? አሥር ሌሊት በዚያ ሳጥን ውስጥ 2 ሺህ ዶላር ነው። ከጓደኛ ጋር ተካፍሎ እንኳ ግማሹ 53 ሺህ ብር ይሆናል። የአልጋው ዋጋ የትኬቱ አምስት እጥፍ! ስንት የመንዝ በግ እንደሚሸጥ ራሳችሁ አስሉት። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ100 ብር ማለፉን ስታስቡ ደግሞ ይሄ ሒሳብ «የድሮ ዘመን» ይመስላል።

የሚገርመው ዋንጫውን ያነሱት አርጀንቲናዎች ሆቴል አልገቡም። ያረፉት በኳታር ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ፣ ማለትም ዶርም ውስጥ ነበር። የተመቻቸውም ሥጋቸውን ደጅ ላይ መጥበስ ስለሚችሉ ነበር። ሜሲ የተኛበት ክፍል ኋላ ላይ እንደ ሙዚየም እንዲጎበኝ ተወስኗል። ስፖርተኛ ድሮም ማደሪያ አይቸግረውም። የሰሜን ሸዋው፣ የጃቶው ልጅ አበበ ቢቂላም በ1964 (እ.ኤ.አ) ቶኪዮ ላይ ሲነግሥ የኦሊምፒክ መንደሩ ዮዮጊ ላይ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል። ቀድሞ የአሜሪካ ጦር ቤተሰቦች የኖሩበት ሰፈር ነበር። አልጋ ፍለጋ የሚንከራተተው እኛ ነን፣ ተመልካቹ።

«ዘመድ አለኝ»

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር መጣን። ኳታር ለውድድሩ «ሀያ ካርድ» የሚባል ነገር አወጣች። ቁጥሩ ሀያ አይደለም፤ በዐረብኛ «በል እንሂድ» እንደማለት ነው። ያለዚህ ካርድ ስታዲየም አይገባም፤ የውጭ ሰው አገሩም አይገባም። ካርዱን ለማግኘት ደግሞ ትኬት ብቻ ሳይሆን የት እንደምታድር ማሳየት አለብህ። እዚህ ላይ ሕጉ ለእኛ የሚመች ቀዳዳ ነበረው። ኳታር የሚኖር ሰው ቤቱን አስመዝግቦ እስከ 10 ዘመድና ወዳጅ በነፃ ማስተናገድ ይችል ነበር። አያችሁ? የመንዝ በር በኮምፒዩተር! አሥር እንግዳ፣ ሒሳብ የለ፣ ምን የለ።

በዚህ ጊዜ ልጃችን ስልኩን ያነሳል። ዶሃ ውስጥ ኢትዮጵያዊ አይጠፋም። ከሰፈሩ የሄደች እህት አለች፤ የአጎቱ ልጅ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ደጋ በሉት ቆላ፣ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቀበሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እህቱ ግን የቤት ሠራተኛ ናት፤ የምታድረው አሠሪዎቿ ቤት፣ በሰጧት ክፍል ውስጥ ነው። እንኳን እንግዳ ልታሳድር ራሷም ለመውጣት ፈቃድ ትጠይቃለች። የአጎቱ ልጅ የሚኖረው ደግሞ ሠራተኞቹ «ሰናያ» በሚሉት የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ኩባንያው ባዘጋጀው ካምፕ ነው። ሕጉ በአንድ ክፍል ከ4 ሰው በላይ እንዳይኖር፣ ተደራራቢ አልጋም እንዳይኖር ያዛል። የመብት ተሟጋቾች ግን ከዚያ በላይ የታጨቁ ክፍሎችን ደጋግመው አጋልጠዋል። በር ላይ ዘበኛ አለ። የእግዜር እንግዳ የሚባል ነገር እዚያ አይታወቅም።

ዘመድ አለ፤ ዘመዱ ግን የሚከፍተው በር የለውም።

ይባስ ብሎ ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሮይተርስ አንድ ዜና አወጣ። አል መንሱራን ጨምሮ በመሐል ዶሃ ሰፈሮች የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ ሠራተኞች ከሚኖሩባቸው ሕንፃዎች በጥቂት ሰዓታት ማስጠንቀቂያ እንዲወጡ ተደርገው አንዳንዶቹ መንገድ ዳር አድረዋል የሚል ነበር። የኳታር ባለሥልጣን ጉዳዩ ከዓለም ዋንጫው ጋር አይያያዝም፣ የዶሃን ሰፈሮች መልሶ የማደራጀት የረጅም ጊዜ ዕቅድ አካል ነው ብሏል። የሆነው ሆኖ እነዚያ ሰፈሮች እንግዶች በብዛት ይከራዩባቸዋል ተብለው የተጠበቁ ነበሩ። ለእኔ የዚያ ውድድር አስቀያሚው ጎል ይሄ ነው። አልጋውን የሠራው ሰው ከአልጋው ተነሣ።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። ለኳታር ነዋሪዎች ብቻ የተመደበ የ40 ሪያል ትኬት ነበር፤ 11 ዶላር ማለት ነው። ስለዚህ ፈረቃው ከፈቀደለትና ትኬቱ ከደረሰው የጥበቃ ሠራተኛው የአጎት ልጅ ሳካን በ40 ሪያል ያያል። ከመሐል ሜዳ የመጣው ዘመዱ በ69 ዶላር። ጨዋታው ሲያልቅ አንዱ ወደ ካምፑ፣ ሌላው ወደ ሳጥኑ።

ከዚህ ጋር ደቡብ አፍሪካ 2013ን አስታውሱ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተው ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ 1 ለ 1 ሲለያዩ ስታዲየሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆኖ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? አብዛኛው እዚያው የሚኖር ወገን ነው። ሱቅ ያለው፣ ቤት የተከራየ፣ መኪና የያዘ። ኑሮው ከባድና አደገኛ ቢሆንም የራሱ በር አለው። የራሱ በር ያለው ሰው ደግሞ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቶም ቢሆን ሀገሩን ያሳድራል። ልዩነቱ የደግነት አይደለም፣ የቁልፍ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ዶሃ ላይ ትንሽ ገንዘብ ይዘው የተሳካላቸው ሰዎች ያደረጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው በቡድን መከራየት። ሦስትና አራት ሆነው አፓርታማ የያዙ ሰዎች ከሳጥኑ በረከሰ ዋጋ ምግባቸውን እያበሰሉ ኖረዋል። ሁለተኛው ከመሐል ከተማ መራቅ። ሜትሮው በሀያ ካርድ ነፃ ስለነበር ከዳር ያደረ ሰው ከሰዓት በስተቀር የሚከስረው አልነበረም። መሐል ከተማ አልጋ መያዝ ለፎቶ ካልሆነ በስተቀር ብዙም አይገባኝም።

ሦስተኛው ጭራሽ ዶሃ አለማደር ነው። ከዱባይ፣ ከሙስካት፣ ከጂዳ፣ ከሪያድና ከኩዌት የጨዋታ ቀን ደርሶ መልስ በረራዎች ነበሩ። ጠዋት መጥተህ፣ ኳስህን አይተህ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መመለስ። ዱባይ ለሀያ ካርድ ባለቤቶች በ100 ድርሃም ብዙ ጊዜ መግባት የሚያስችል ቪዛ ሰጥታለች። ዱባይ ላይ ደግሞ «ቤድ ስፔስ» አለ፤ ቤት ሳይሆን አልጋ ብቻ መከራየት። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ያውቁታል። ለአንድ ወይም ለሁለት ጨዋታ ይሄ ጥሩ ዘዴ ነው። ለሦስት ግን የአውሮፕላኑ ሒሳብ አልጋውን ይበልጣል።

ሳዑዲ 2034 ከዚህ ይለያል። ቡድኖቹ 48፣ ጨዋታዎቹ 104፣ ከተሞቹ ሪያድ፣ ጂዳ፣ አል ኾባር፣ አብሃና ኒዮም ናቸው። አገሩ ሰፊ ነው፤ እንደ ዶሃ በሜትሮ አይዞርም። ስለዚህ አንድ ከተማ መርጦ እዚያው የሚደረጉትን ጨዋታዎች ብቻ ማየት ከቡድን ኋላ ከመሮጥ ይረክሳል። (አብሃ ደጋ ናት፣ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ። የመንዝ ልጅ እዚያ ቢመደብ ባይከፋው!) ወገን ደግሞ እዚያ ከኳታር ይልቅ ይበዛል። ግን ከ2013 መጨረሻ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተጠርዘው መመለሳቸውን የሚረሳ የለም። ወረቀት የሌለው ዘመድ እንግዳ አሳደረ ማለት ራሱን አጋለጠ ማለት ነው።

ስለዚህ እዚያ ላለው ዘመድ ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ቦታ አለህ?» ብላችሁ አይደለም። እሱማ ይሉኝታ ይዞት «ኑ፣ ችግር የለም» ነው የሚላችሁ። የምትጠይቁት የቤቱ ውል በማን ስም እንደሆነ ነው።