ከሥራ የለቀቀው ሰው አሁንም ኔትወርኩ ላይ አለ? የመግቢያ ሰርቨር አስተዳዳሪዎች ምን ይጨመርልን ይላሉ

የዋይፋይ የይለፍ ቃል በቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማየት ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም። ቃሉን መቶ ሰው ያውቀዋል እንበል። ከመቶው አንዱ ሥራ ሲለቅ ያለው አማራጭ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ቃሉን ቀይሮ የቀሩትን 99 ሰዎች ስልክና ኮምፒውተር እንደገና ማስገባት፣ ወይ ዝም ማለት። አብዛኛው ቢሮ ዝም ይላል።

ዩኒቨርሲቲዎች፣ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችና የኢንተርኔት አቅራቢዎች ከዚህ የወጡት ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስምና የይለፍ ቃል በመስጠት ነው። ማንነቱን የሚያጣራው ከጀርባ የተቀመጠ ሰርቨር ነው። የዋይፋይ መሣሪያው "እከሌ ነኝ የሚል መጥቷል፣ ላስገባው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ "አስገባ" ወይም "አታስገባ" ይላል። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ሥርዓት ሬዲየስ ይባላል። ሊቪንግስተን ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሠራው በስልክ መስመር ኢንተርኔት ለሚገቡ ሰዎች ታስቦ ነበር። ዛሬ በነፃ ከሚገኙት የሬዲየስ ሰርቨሮች በስፋት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ፍሪ ሬዲየስ ነው።

ሰርቨሩ የማጣራት ሥራውን በደንብ ይሠራል። የሚያስቸግረው አስተዳደሩ ነው። ፍሪ ሬዲየስ የሚዋቀረው በጽሑፍ ፋይሎች ሲሆን፣ ብዙዎቹ ለውጦች ሰርቨሩ ጠፍቶ ካልተነሳ አይያዙም። በዚህ ምክንያት እንደ ዳሎሬዲየስ ያሉ፣ ተጠቃሚዎችን ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጠው በድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ ፕሮግራሞች ተሠሩ። ለእንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ከሚቀርቡ የ"ይጨመርልን" ጥያቄዎች መካከል የሚያምር ገጽታና ባለቀለም ግራፍ የሚሹ አሉ። በእኔ እይታ ግን ቀዳሚው ጥያቄ አንድን ሰው በትክክል ማስወጣት ነው።

ማስወጣት ቀላል ይመስላል። አስተዳዳሪው የለቀቀውን ሠራተኛ አካውንት ይዘጋና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሰርቨሩ የሚጠየቀው ግን በር ላይ ነው። ሰውየው ቀድሞ ገብቶ ከሆነ፣ መሣሪያው እንደገና እስኪጠይቅ ድረስ ግንኙነቱ ይቀጥላል። ይህ እንደ አወቃቀሩ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። መፍትሔው ከተደነገገ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ደንብ መሠረት "ይህን ሰው አሁኑኑ አቋርጥ" የሚል ትእዛዝ በፖርት 3799 ወደ መሣሪያው ይላካል። ትእዛዙ ከተለመደው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄድ መሣሪያው እንዲቀበል ቀድሞ መዋቀር አለበት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስለዚህ የሚጠየቀው አንድ አዝራር አካውንቱን ይዝጋ፣ ክፍት ግንኙነቶቹን ይፈልግ፣ ትእዛዙን ይላክ፣ ከዚያም መሣሪያው መቀበሉን ወይም አለመቀበሉን በግልጽ ያሳይ። መልስ ሳያገኝ "ተሳክቷል" የሚል አዝራር ባይኖር ይሻላል።

የዚህ ተቃራኒ ችግርም አለ፤ መብራት የሚጠፋበት አገር የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። መሣሪያው በድንገት ሲጠፋ "ሰውየው ወጥቷል" የሚለውን መልእክት ሳይልክ ይቀራል፤ መዝገቡም እንደገባ ያቆየዋል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ግንኙነት ብቻ እንዲኖረው ተወስኖ ከሆነ፣ መብራት ሲመለስ ሰውየው ራሱ "ቀድመህ ገብተሃል" ተብሎ ሊከለከል ይችላል። መሣሪያዎች በየጊዜው የሚልኩት ወቅታዊ መረጃ ሲቋረጥ እንዲህ ያለውን የሞተ መዝገብ በራሱ የሚዘጋ አሠራር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥልጣን ክፍፍል ነው። ለእንግዳ የአንድ ቀን መግቢያ የምትሰጠው የእንግዳ ተቀባይ የሁሉንም ሠራተኛ የይለፍ ቃል ማየት የለባትም። ቻፕ የሚባለው የቆየ የማረጋገጫ ዘዴ ሰርቨሩ የይለፍ ቃሉን በግልጽ እንዲያውቅ ስለሚያስገድድ፣ ጉዳዩ የምር ነው። ማን ምን እንደቀየረም ይመዝገብ። ማን ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደወጣ የሚይዘው መዝገብ ደግሞ የሰው የቀን ውሎ ነው፤ ከተወሰነ ቀን በኋላ በራሱ ቢሰረዝ የሚጎዳው የለም።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ተመራማሪዎች ብላስት ሬዲየስ ያሉትን ድክመት ይፋ አደረጉ። ሬዲየስ ኤምዲ 5 በሚባል ያረጀ ስሌት ላይ በመደገፉ፣ በመሣሪያውና በሰርቨሩ መካከል የገባ ሰው በአንዳንድ የማረጋገጫ ዘዴዎች ላይ "አታስገባ" የሚለውን መልስ ወደ "አስገባ" መለወጥ እንደሚችል አሳዩ። መከላከያው በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ተጨማሪ ማረጋገጫ ማስገደድ ነው፤ አሮጌ መሣሪያዎች ግን ላይልኩት ይችላሉ። የትኛው መሣሪያ እንደሚልክና እንደማይልክ የሚያሳይ አንድ ዓምድ በማስተዳደሪያው ገጽ ላይ ቢኖር ባለሙያውን ከብዙ ፍለጋ ያድነው ነበር።

ጥያቄ የሚያቀርብ ባለሙያ "እዚህ ጋ አዝራር ጨምሩ" ከማለት ይልቅ ምን ሊሠራ እንደሞከረና የት እንደቆመ ቢጽፍ ይደመጣል። የሶፍትዌሩን ቅጂ ቁጥርና ሰርቨሩ በመመርመሪያ ሁኔታ ሲሠራ የሚያወጣውን ጽሑፍ ማያያዝም ይረዳል። ከመላኩ በፊት ግን ጽሑፉን መስመር በመስመር ያንብበው፤ የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል በግልጽ ተጽፎ ሊገኝበት ይችላል።