ዘይት ሳይፈስ ፊልትሮ መቀየር፦ ተረቱና እውነታው

«የሞተር ፊልትሮ ሲቀየር ዘይት መፍሰሱ አይቀርም» ሲባል እንሰማለን። ትክክል አይደለም። ጥቂት ጠብታ ሊኖር ይችላል። ማርሚታውን ያጠበና ጎማውን ያረሰረሰ ዘይት ግን የሥራው ጠባይ ሳይሆን የችኮላ ውጤት ነው። ነገሩም የንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ጎማ ላይ ያረፈ ዘይት ኩርባ ላይ ሰው ይጥላል፣ የፍሬን ዲስክ ላይ ያረፈው ፍሬን ያሳጣል፣ የጋለ ማርሚታ ላይ የፈሰሰው ደግሞ ይጨሳል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል።

ብዙዎች ሞተር ሁሉ አንድ ዓይነት ፊልትሮ ያለው ይመስላቸዋል። ሆንዳ ሲጂ 125 የሚቀየር የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ዘይቱን የሚያጠራው በወንፊትና ቆሻሻውን እየተሽከረከረ ወደ ዳር በሚያወጣ ክፍል ነው። ወንፊቱ ይታጠባል እንጂ አይጣልም። ሌሎች ሞተሮች ከውጭ የሚጠመዘዝ ቆርቆሮ ፊልትሮ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በቡሎን በታሰረ ክዳን ውስጥ የሚቀመጥ የወረቀት ፊልትሮ። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳት በፊት የሞተሩን መመሪያ ማየት ይቀድማል።

«ዘይቱ በደንብ ካልጋለ አይወርድም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የቀዘቀዘ ዘይት ይወፍራል፣ ቀስ ብሎም ይወርዳል። ነገር ግን ከረጅም ጉዞ የመጣ ሞተር ዘይቱም ማርሚታውም እጅ ይልጣል። ሁለት ሦስት ደቂቃ አስነስቶ ለብ ማድረግ ይበቃል።

ዋናው ምስጢር ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ የታችኛው ታፖ ይፈታል። ታፖው ሲወጣ ዘይቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች አይወርድም፤ ተወርውሮ ወደ ጎን ይመጣል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ወደ ሞተሩ ይጠጋል። ሳፋው ሰፊ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ዘይት የሚሞላበት የላይኛው ክዳን ክፍት ከሆነ አየር ስለሚገባ ዘይቱ ሳይንዶቀዶቅ በአንድ ዥረት ይወርዳል። ጠብታው እስኪያቆም ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይጠበቅ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፊልትሮው መሄድ።

ፊልትሮው አልፈታ ሲል «ካቻቢቴ ወግተህ አዙረው» የሚል ምክር ወዲያው ይመጣል። እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። የፊልትሮ ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ይቀደዳል፣ በውስጡ የቀረው ዘይት በቀዳዳው ይረጫል፣ ፊልትሮው ግን ከቦታው ላይነቃነቅ ይችላል። የፊልትሮ መፍቻ ቁልፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ቁልፉ ካላላው በኋላ ወፈር ያለ ፌስታል ፊልትሮው ላይ አልብሶ፣ በፌስታሉ ውስጥ በእጅ ማዞር ነው። የሚንጠባጠበው ዘይት ፌስታሉ ውስጥ ይቀራል፣ ፊልትሮውም እዚያው ይወድቃል። ከፊልትሮው ሥር ማርሚታ ካለ፣ ካርቶን እንደ አሸንዳ አጥፎ ዘይቱን ወደ ሳፋው መምራት ይቻላል።

አሁን የድሮውን ፊልትሮ አፍ ይመልከቱ። የጎማ ቀለበቱ አለ? ከሌለ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል ማለት ነው። አዲሱ ፊልትሮ በዚያ ላይ ከተገጠመ ሁለት ቀለበት ይደራረባል፤ ሲነሳ ደህና ይመስልና መንገድ ላይ ዘይቱን በአንድ ጊዜ ሊዘረግፈው ይችላል። በዚህ ሥራ ከዚህ የከፋ ስህተት አላውቅም።

«በቁልፍ አጥብቆ ማሰር ዘይት እንዳይወጣ ያደርጋል» የሚለውም ተረት ነው። አዲሱን የጎማ ቀለበት በንጹሕ ዘይት ቀብቶ በእጅ ማዞር፣ ቀለበቱ ሞተሩን ከነካ በኋላ ፊልትሮው ላይ የተጻፈውን ያህል፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ዙር መጨመር ነው። ከመጠን በላይ የታሰረ ቀለበት ይጨፈለቃል፤ ከመጠን በላይ የታሰረ ታፖ ደግሞ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላል። የወረቀት ፊልትሮ ለሚጠቀም ሞተር የሚያሰጋው ማጥበቁ ሳይሆን አቅጣጫው ነው፤ በአንዳንድ የሆንዳ ፊልትሮዎች ላይ የትኛው ጎን ወደ ውጭ እንደሚዞር ተጽፏል። ተገልብጦ ከገባ የዘይቱ መንገድ ይዘጋል፣ ሞተሩም ሊነክስ ይችላል።

አዲሱን ፊልትሮ በዘይት ሞልቶ መግጠምም፣ መመሪያው ካላዘዘ በቀር፣ አያስፈልግም። ብዙ ሞተር ላይ ፊልትሮው ወደ ጎን ስለሚተኛ የሞሉት ዘይት ሳይገጠም ይፈሳል። ዘይቱን በላይኛው ክዳን ሞልቶ፣ ሞተሩን ነዳጅ ሳይሰጡ ለጥቂት ደቂቃ አስነስቶ፣ ካጠፉና ትንሽ ከጠበቁ በኋላ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ መጠኑን ማየት ይበቃል።

የቀረው የወጣው ዘይት ነው። «የተቃጠለ ዘይት አቧራ ያበርዳል፣ ምስጥ ያባርራል» እየተባለ መሬት ላይ ይደፋል፣ እንጨትም ይቀባበታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአንድ የዘይት ቅያሪ የወጣ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በውስጡም ከቃጠሎ የመጡ ካንሰር አምጪ ውሕዶችና የብረት ብናኝ አሉበት። ስለዚህ ጓንት ያድርጉ፤ ዘይቱንም ክዳን ባለው ጄሪካን አጠራቅመው ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ያስረክቡ። ቦይ ውስጥ እንዳይደፉት አደራ።