የምንጩ ባለቤት ማነው? የዜግነት ትምህርት ከመንደር ሲጀምር

የቀድሞው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት 11 እሴቶች ነበሩት። ዝርዝሩን ብዙዎች ዛሬም በቃላቸው ይወጡታል። ችግሩም እዚህ ላይ ነበር፤ «ቁጠባ» የሚለውን በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል የሞላ ልጅ፣ እናቱ የምትጥለው ዕቁብ እንዴት እንደሚሠራ በክፍል ውስጥ ሳይጠየቅ ሊያልፍ ይችል ነበር።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ግብረ ገብ፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የዜግነት ትምህርት ይሰጣል። የስም ለውጥ ብቻውን ግን የክፍሉን ሥራ አይለውጥም።

አንድ መምህር ተማሪዎቹ የመንደራቸውን ካርታ እንዲሥሉ ቢያዝ፣ ወንዙ፣ ጤና ኬላው፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤትና የጋራው ምንጭ በወረቀቱ ላይ ይሰፍራሉ። እስከዚህ ድረስ መልክዓ ምድር ነው። ቀጥሎ «ምንጩ ሲደፈርስ ማን ያጸዳዋል? የጥገናው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከላይ ያለው ገበሬ ውኃውን ወደ ማሳው ቢጠልፈው ከታች ያለው ለማን አቤት ይላል?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ግብር፣ የጋራ ሀብት፣ ሽምግልናና ሕግ ተከታትለው ይመጣሉ። ልጆቹ በመልሱ ላይስማሙ ይችላሉ። ሳይሰዳደቡ መከራከር፣ በእኛ እምነት፣ የትምህርቱ ዋነኛ ክፍል ነው። ለከተማ ልጅ ምንጩ በቦኖ ውኃ ወይም በመንደሩ የቆሻሻ ገንዳ ይተካል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

መልሱ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ስለማይገኝ ልጁ ጥያቄውን ማታ ወደ ቤቱ ይዞ ይመጣል። «ይህ የትልቅ ሰው ጉዳይ ነው» ብሎ ዝም የሚያሰኝ አባት የመምህሩን የቀን ድካም ያፈርሳል። የውኃ ኮሚቴውን ማን እንደመረጠው፣ የዕድሩ ገንዘብ በማን ፊት እንደሚቆጠር፣ በወሰን የተጣሉት ጎረቤታሞች እንዴት እንደታረቁ የሚያውቁት ወላጆች ናቸው።