ጎመን ዘርና የነገው ነዳጅ

በደጋው ገበሬ ጓሮ የሚበቅለው ጎመን ዘር ቅጠሉ ለወጥ፣ ፍሬው ደግሞ ተወቅጦ ለምጣድ ማሰሻ ሲያገለግል ኖሯል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል ፋልከን 20 የተባለ የጄት አውሮፕላን ከዚሁ ተክል ዘይት በተሠራ ነዳጅ፣ ያለ አንዳች የፔትሮሊየም ቅልቅል አበረረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የቃንታስ አየር መንገድ 10 በመቶ ያህሉ ከጎመን ዘር የተገኘ ነዳጅ ሞልቶ ከሎስ አንጀለስ ሜልበርን ተጓዘ። ለመሆኑ ሳይንቲስቶች ከዚህ ዓይነቱ ተክል ምን ፈለጉ? ሌሎች የሥነ ሕይወታዊ ነዳጅ (ባዮፊውል) ጥሬ ዕቃዎችስ የትኞቹ ናቸው? በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

የጠላው ጋን ሳይንስ

የኤታኖልን አሠራር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጠላ ሲጠመቅ በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይሰባብሩታል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። አረቄ አውጪዋ የምታደርገው ማጣራት ሲታከልበት ሂደቱ ከኤታኖል ፋብሪካ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ከ180 ግራም ግሉኮስ ቢበዛ 92 ግራም ኤታኖል ይገኛል።

አገራችን የባዮፊውል ስትራቴጂዋን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በቀጣዩ ዓመት ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የተመረተ ኤታኖል በ5 በመቶ መጠን ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ሞላሰስ የስኳር ተረፈ ምርት በመሆኑ ከማዕድ ላይ የሚቀንሰው እህል የለም። ይሁን እንጂ የሚገኘው ስኳር በተመረተ ልክ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ ሌሎች ጥሬ ዕቃዎች ያዞሩት ስለዚህ ነው።

የጃትሮፋ ትምህርት

በዚያው ዘመን «በደረቅ መሬት፣ ያለ እንክብካቤ ያፈራል» የተባለለት ጃትሮፋ በአፍሪካና በእስያ በሰፊው ተተከለ። ተክሉ ድርቅን መቋቋሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድርቅን ተቋቁሞ መኖርና ብዙ ዘይት ማፍራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዝርያው በምርምር ያልተሻሻለ በመሆኑ ውኃና ማዳበሪያ ባላገኘበት ሥፍራ ምርቱ እጅግ አነስተኛ ሆነ። ፍሬው በአንድ ጊዜ ስለማይበስልም ለቀማው ብዙ ጉልበት ፈጀ። ጥሩ መሬት ከተሰጠው ደግሞ ከምግብ ሰብል ጋር መሻማቱ አይቀርም።

ጭድ፣ እምቦጭና አልጌ

ሁለተኛው አቅጣጫ የማይበላውን የዕፀዋት ክፍል መጠቀም ነው። የጭድና የአገዳ አካል የተገነባው ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስና ከሊግኒን ነው። ሴሉሎስ የስኳር ሰንሰለት ቢሆንም ሊግኒን እንደ ጭቃ ምርጊት ስለሸፈነው ኢንዛይሞች በቀላሉ አይደርሱበትም፤ አስቀድሞ በሙቀት ወይም በኬሚካል መፈታታት ይኖርበታል። ከሄሚሴሉሎስ የሚወጣውን ዛይሎስ የተባለ ስኳር ደግሞ የተለመደው እርሾ በተፈጥሮው ማብላላት ስለማይችል፣ ተመራማሪዎች የሌሎች ረቂቅ ነፍሳትን ጂኖች በማስገባት ችሎታውን ሰጥተውታል። በአገራችን ግን የጤፍ ጭድ የከብት መኖና የግድግዳ ጭቃ ማጠንከሪያ እንጂ ተራ ቆሻሻ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የጣና ሐይቅን የወረረው እምቦጭም ይነሣል። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ በመሆኑ ከማድረቅ ይልቅ በባዮጋዝ ማብላያ ውስጥ መጠቀሙ ይቀላል። ሆኖም አንድ ጥያቄ አለ፦ ዓላማው አረሙን ማጥፋት ከሆነ፣ በአረሙ ላይ የተመሠረተ ፋብሪካ ነገ ጥሬ ዕቃውን ከየት ያገኛል?

አልጌ የእርሻ መሬት አይሻም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያሰጠው ስፒሩሊና ለምሳሌ ፈጥኖ ይራባል፤ ዳሩ ግን ሀብቱ ፕሮቲን እንጂ ዘይት አይደለም። ዘይት የሚያከማቹት ሌሎች የአልጌ ዓይነቶችም ቢሆኑ ከውኃው ለይቶ ማድረቁ ብዙ ኃይል ይጠይቃል።

ወደ ጓሯችን ስንመለስ

ጎመን ዘር ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የተገኘ ተክል ነው፤ የመጀመሪያው 16፣ የሁለተኛው 18 ክሮሞዞሞች ተደምረው 34 ሆነዋል። የዘይቱ ዋና ክፍል ኢሩሲክ አሲድ ሲሆን 22 የካርቦን አቶሞች የተቀጣጠሉበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ይህ አሲድ ሲበዛ ለምግብነት አይመረጥም፤ ለነዳጅ ግን ይስማማል። በሃይድሮጅን አማካይነት ኦክስጅኑ ይወገድና ሰንሰለቱ እየተቆረጠ ለጄት ሞተር የሚስማማ ርዝመት ይይዛል። የተረፈው ፋጉሎ በፕሮቲን የበለጸገ መኖ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ግዛቶችና በኡራጓይ ገበሬዎች የሚዘሩት ማሳው ጾሙን በሚያድርበት በክረምታቸው ወራት ስለሆነ፣ የምግብ ሰብሉን ቦታ አይወስድም።

የተክሉ መገኛ ኢትዮጵያ ናት፤ የሆለታ የምርምር ማዕከልም ዝርያዎቹን ሲያሻሽል ኖሯል። ይሁን እንጂ ለአውሮፕላን ነዳጅ ያዋሉት ሌሎች ናቸው። የእኛ ገበሬ የሚሻው ዘይቱ ለምግብ የሚመች ጎመን ዘር ነው፤ የነዳጅ ገበያው የሚሻው ተቃራኒውን ነው። ሁለቱን ዝርያዎች ሳይዳቀሉ ማብቀል፣ ለየትኛው ማሳ የትኛው እንደሚስማማ መለየት፣ የሄክታሩን ምርት በትክክል መለካት በገዛ ቤተ ሙከራዎቻችን ሊሠሩ የሚችሉ ጥናቶች ናቸው። የጃትሮፋ ታሪክ እንዳስተማረን፣ ሄክታሩ ከመታረሱ በፊት ልኬቱ ይቅደም። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች ጥያቄው ከጓሯችሁ ይጀምራል።