ከምሳ በኋላ የሚጫወት ሐኪም

እ.ኤ.አ. በ1913 ገደማ ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ከሙያ ባልደረባው ከፍሮይድ ጋር ተቆራርጦ ልቡ አልረጋ ብሎት ነበር። ዕድሜው አርባ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። በልጅነቱ በድንጋይ ቤት መሥራት ያስደስተው እንደነበር ትዝ ሲለው ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ይለቅም ጀመር። በየቀኑ ምሳውን እንደበላ፣ ታካሚዎቹ እስኪመጡ ድረስ ጎጆ፣ ግንብ፣ በመጨረሻም አንድ መንደር ሙሉ ሠራ። ለትልቅ ሰው የሚያሳፍር መሆኑ አልጠፋውም። ቤተ ክርስቲያኑን ቢጨርስም መንበር ጎደለው። አንድ ቀን ውሃ ያለሰለሰው ቀይ ባለአራት ጎን ድንጋይ አገኘና ከጉልላቱ ሥር አኖረው። ወዲያው አንድ የልጅነት ሕልሙ መጣለት።

ዩንግ ነገሩን የሕክምና ዘዴ አላደረገውም። ያን ያደረጉት የለንደን ልጆች ናቸው። ዶክተር ማርጋሬት ሎወንፌልድ፣ ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ በ1911 ስለ ወለል ላይ ጨዋታ የጻፈውን መጽሐፍ አስታውሳ፣ በ1928 በከፈተችው ክሊኒክ ትንንሽ መጫወቻዎችን በሣጥን አስቀመጠች። በዓመቱ አሸዋ የያዘ የዚንክ ገበታ ተጨመረ። ሁለቱን አገናኙ ያላቸው የለም፤ ልጆቹ ራሳቸው መጫወቻውን ወደ አሸዋው ወሰዱና የሠሩትን «ዓለም» አሉት። ሐኪሟን የማደንቃት እጇን ሰብስባ በማየቷ ነው።

ስዊዘርላንዳዊቷ ቴራፒስት ዶራ ካልፍ በ1956 ለንደን ሄዳ ከሎወንፌልድ ተማረች፤ የዩንግንም ሐሳብ ጨመረችበት። ገበታዋ 72 በ57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ በአንድ እይታ ይታያል። ውስጡ ሰማያዊ ስለሆነ አሸዋው ሲገፋ ወለሉ ውሃ ይመስላል።

ዛሬ አዋቂዎችም ይታከሙበታል። መጀመሪያ ያፍራሉ። መናገር የለመደ ሰው በቃል መደበቅም ያውቅበታል፤ እጁ ግን ይህን አልተማረም። ሐኪሙ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ለመተርጎም አይቸኩልም።

ይህን ሳስብ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት የፒያሳ ሰፈሮች ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች ይታዩኛል። በደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ስም በሚጠራው ውቤ በረሃ ያደገ ሰው ገበታው ፊት ተቀምጦ የመጫወቻዎቹ መደርደሪያ ላይ የአውሮፓ ግንብ ብቻ ቢያገኝ ምን ይሠራበታል? ጀበናና ረከቦት፣ የቆርቆሮ አጥር፣ የጋራ ቧንቧ፣ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ፣ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ያስፈልጉታል። ሸክላ ሠሪና እንጨት ጠራቢ የማይሠሩት አንድም የለበትም።

ታካሚው ሲጨርስ ሐኪሙ ፎቶ ያነሳል፤ ገበታው የሚፈርሰው ሰውየው ከወጣ በኋላ ነው። ቤቱ ዓይኑ እያየ ለፈረሰበት ሰው ይህ ደንብ በጥብቅ መጠበቅ አለበት።