ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር፦ የመልክእ ድርሰትና የአገልጋይ መልስ

ኦሎምፒያም ሆነ በሌላ የአዲስ አበባ ሰፈር የሚያገለግል መጋቢ፣ ከኦርቶዶክስ ቤት የመጣ ምእመን «በልጅነቴ የደገምሁት መልክአ ኢየሱስ ስሕተት ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልሳል? ከመመለሱ በፊት ድርሰቱን ሊያውቅ ይገባዋል።

መልክእ በግእዝ መልክ፣ ምስል ማለት ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተስፋፋ የውዳሴ ግጥም ሲሆን፣ አርኬ የሚባለው አንጓ አብዛኛውን ጊዜ በሰላምታ ይጀምራል፤ አምስቱም ስንኞች በአንድ ቤት ይመታሉ። ደራሲው ከስም መታሰቢያ ተነሥቶ ጠጉርን፣ ዓይንን፣ ከንፈርን፣ እጅን እያወደሰ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል፤ ከዚያም ስለ ነፍስ መውጣት፣ ስለ ግንዘትና ስለ መቃብር ይናገራል። መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ ከውዳሴ ማርያም ጋር በጸሎት መጻሕፍት ስለሚታተሙ፣ የምእመኑ የዕለት ጸሎት ሆነዋል።

እንዲህ ያለው አካሄድ በሌላም ሃይማኖት ይገኛል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሕንድ ኬረላ ሜልፓቱር ናራያና ባታቲሪ በሳንስክሪት የደረሰው ናራያኒያም መቶ ክፍሎች አሉት፤ በመጨረሻው ክፍል ክሪሽናን ከራስ እስከ እግር ያወድሳል። የቅርጽ መመሳሰል ግን የእምነት አንድነት አይደለም። በሂንዱ እምነት ቪሽኑ በየዘመኑ በልዩ ልዩ መልክ ይወርዳል። መልክአ ኢየሱስ የሚያወድሰው ግን አንድ ጊዜ ሥጋ የሆነውን፣ የሞተውንና የተቀበረውን ጌታ ነው (ዮሐ. 1፥14)። የአካሉን ክፍሎች መቁጠሩ ሥጋዌው እውነተኛ መሆኑን ይመሰክራል።

ችግሩ የሚነሣው ይኸው ቅርጽ ለማርያም፣ ለመላእክትና ለቅዱሳን ሲውል ነው። እዚያ ውዳሴው ወደ ምልጃ ልመና ያልፋል፤ እኛ ደግሞ አንድ መካከለኛ ብቻ እንዳለ እንመሰክራለን (1 ጢሞ. 2፥5)። ስለዚህ መጋቢው ሁሉንም መልክእ በአንድ ቃል አይነቅፍም፤ በአንድ ቃልም አይቀበልም። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ልመናው ለማን ነው? የሚወደሰው ስለ ምን ሥራው ነው? የሚለመነውስ ምንድን ነው?

ለምእመኑም፦ «ሥጋ ለብሶ የሞተልህን ጌታ ማወደስህ ስሕተት አልነበረም፤ ለእርሱ ብቻ የሚገባውን ልመና ግን ለሌላ አትስጥ» ሊለው ይችላል። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እሑድ ለምንዘምራቸው መዝሙሮችም ብናቀርብ መልካም ነው። ስለ በረከትና ስለ ድል አብዝተን ስንዘምር፣ ስለ ተወጉት እጆቹና ስለ መቃብሩ ስንት ጊዜ እንዘምራለን?