ስለሚደክም ዲስክና ስለ ሒሳብ መዝገብ ጥበቃ
በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ እስከ ሾላ ገበያ ያሉ ብዙ ነጋዴዎች የዕቃና የዱቤ ሒሳባቸውን በኮምፒውተር ይይዛሉ። በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ግን በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ስለሆነ፤ እንደ ማናቸውም ተሽከርካሪ መሣሪያ ያረጃል። መዝገብ ሲከፈት መዘግየቱና ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማቱ የመድከሙ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሒሳቡን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጥ፤ ድምፁ ከበረታም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ለባለሙያ ያሳይ። ከዚያ በኋላ የሚሽከረከር አካል የሌለውን ኤስኤስዲ ያስገጥም። ኤስኤስዲ ፈጣንና መንገጫገጭን የሚችል ነው፤ ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ ያለ ምልክት በድንገት ስለሚቆም፤ ሁለተኛ ቅጂ ከሱቅ ውጭ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ዲስክ በገበያ ይገኛል፤ የጠፋ የዱቤ መዝገብ ግን አይገኝምና፤ ነጋዴዎች ዛሬውኑ እንዲገለብጡ እናሳስባለን።